ሰፈር ሲፈርስ ነዋሪው የት ነበር? ከዋሽንግተን ሾው እስከ ካሳንቺስ

ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ወይም አንድ ጊዜ ያለፋችሁባት፣ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና የሚገናኙበትን አካባቢ ሳታውቁት አትቀሩም። ክትፎ የበላንበት፣ የአገር ቤት ወሬ የተለዋወጥንበት ቦታ ነው። እኛ ከመምጣታችን በፊት ግን ሾው የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ነበር። ያ ሰፈር ከጅምላ ፈረሳ የተረፈው ነዋሪው ስለታገለ ጭምር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መንግሥት ያንን ሰፈር የተጎሳቆለ ብሎ ፈረጀና ከሞላ ጎደል ጠረገው። ወደ 23,000 ሰው ተፈናቀለ፤ አብዛኛው ጥቁር ነበር። የአንድ ሱቅ ባለቤቶች ሱቃችን አልተጎሳቆለም ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ በ1954 በሙሉ ድምፅ ለመንግሥት ፈረደ። አዳዲስ አፓርታማዎች ተሠሩ፤ የድሮው ነዋሪ ግን አብዛኛው አልተመለሰም። ኪራዩ ከአቅሙ በላይ ነበር።

የሾው ሰዎች ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ተራው ወደ እነሱ ሲመጣ ሰፈራችን አይነካብን አላሉም። ቤቶቹ ማርጀታቸውን ከማንም በላይ ያውቃሉ። እነሱ ያሉት፣ ዕቅዱን እኛ እናውጣ ነው። በ1966 በዚያው ሰፈር መጋቢ የነበሩት ቄስ ዋልተር ፎንትሮይ፣ ሚኮ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ አብያተ ክርስቲያናትን፣ ነጋዴዎችንና የሰፈር ማኅበራትን አሰባሰበ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ ነዋሪው በዕቅዱ ይሳተፍ፤ የግንባታው ሥራ ለሰፈሩ ሰው ይድረስ፤ ቤቱ የሚፈርስበትም እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ቤት ያግኝ። በ1967 ማርቲን ሉተር ኪንግ ራሳቸው ሰፈሩ ድረስ መጥተው ደገፏቸው።

ተሳካላቸው ወይ? በከፊል። በ1968 ኪንግ ሲገደሉ በተነሣው ረብሻ የሰፈሩ የንግድ ጎዳናዎች ተቃጠሉ። በኋላም የፌዴራሉ ገንዘብ ቀነሰ። ቢሆንም በ1970ዎቹ በአብያተ ክርስቲያናት ድጋፍ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች አፓርታማዎች ተሠሩ። ከዓመታት በኋላ የአካባቢው ኪራይ ጣሪያ ሲነካ፣ የእኛንም ሰዎች ሱቅና ምግብ ቤት ሲገፋ፣ በሰፈሩ መቆየት ከቻሉት ድሆች ብዙዎቹ በእነዚያ ቤቶች የሚኖሩት ናቸው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካሳንቺስ ፈረሱ። ካሳንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው ነዋሪው ነው። እርግጥ ነው፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ መጸዳጃው የጋራ የሆነ የቀበሌ ቤት አይናፍቅም። መታደስ ነበረበት። ነገር ግን ሰው ወደ ከተማው ዳር ሲበተን ዕድሩም አብሮ ይበተናል። ለቀብር የሚደርሰው፣ ልጅ የሚጠብቀው፣ ጉልት ላይ በዱቤ የሚሰጠው ጎረቤት በካሳ አይተካም።

ይህ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ መብት ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ባለይዞታው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ምክክር እንዲደረግ በመርህ ደረጃ ይደነግጋል። በዕቅዱ መሠረት በግልም ሆነ በጋራ ቦታውን ለማልማትም ቅድሚያ ይሰጠዋል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ሕጉን ይዞ በጊዜ የሚሰባሰብ ሰፈር ነው። የሾው ሰዎች የተሰባሰቡት ዶዘሩ በራቸው ላይ ሲቆም ሳይሆን የጎረቤታቸው ሰፈር ሲፈርስ ባዩ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ነገ ቤተሰብ ጋ ስትደውሉ «ካሳ ስንት ሰጧችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትተዉ። «ዕቅዱን መቼ አሳዩአችሁ? ምን ብላችሁ መለሳችሁ?» ብላችሁም ጠይቁ። ገና ባልፈረሰው ሰፈር ላለው ዘመዳችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉለት።

ቸር ይግጠመን።