የአስፕሪን ባለቤት ማነው?

ራስ ምታት ወይም ቁርጥማት ይዞት አስፕሪን ያልዋጠ ሰው ጥቂት ነው። ማን ሠራት ቢባል መጻሕፍቱ ቶሎ ብለው አንድ ስም ይጠራሉ፤ ፌሊክስ ሆፍማን። ታዲያ ነገሩ እውን እንዲህ ቀላል ነው? እስቲ ወደ ኋላ ሄደን እንየው (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የአኻያ ልጣጭ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ ትኩሳት ለያዛቸው ሃምሳ ያህል ሰዎች ሰጥቶ እንደበጃቸው ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ኬሚስቶች ከዚሁ ልጣጭ ተነሥተው ሳሊሲሊክ አሲድን አገኙ። እብጠትንና ሕመምን ያበርዳል፤ ጨጓራን ግን ያቃጥላል። በ1853 ሻርል ዤራር የተባለ ፈረንሳዊ ከአሴቲል ጋር አዋሐደው፤ ንጹሕ ስላልወጣለት ግን ተወው። በኦገስት 1897 የባየር ኩባንያ ኬሚስት ሆፍማን ንጹሑን አሠራር በደብተሩ አሰፈረ። በ1899 መድኃኒቱ አስፕሪን ተብሎ ስም ወጣለት።

ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ኩባንያ አርተር አይሸንግሩን የሚባል አይሁዳዊ ኬሚስት ይሠራ ነበር። ሆፍማን ለአባቱ ቁርጥማት ሲል መድኃኒቱን ፈልጎ አገኘ የሚለው ትረካ በጽሑፍ የወጣው በ1934 ነው፤ ሂትለር ሥልጣን በያዘ በዓመቱ። በዚያን ጊዜ ጀርመን ውስጥ አንድ አይሁዳዊ ተነሥቶ «ኧረ እኔም አለሁበት» ሊል ይችል ነበር? አይሸንግሩን በ1944 ቴሬዚየንሽታት ማጎሪያ ተጣለ፤ በ1945 ነፃ ወጣ። በ1949፣ በሞተበት ዓመት፣ ሥራውን የመራው እርሱ እንደነበረና ሆፍማን ትእዛዙን እንደፈጸመ ጻፈ። ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ2000 በግላስጎው የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ዋልተር ስኒደር ሰነዶቹን መርምሮ ለአይሸንግሩን ፈረደለት። ኩባንያው ግን አልተቀበለውም።

ክኒኒቱ እብጠትን እንዴት እንደምታበርድ እንኳ የታወቀው ቆይቶ ነው። በ1971 ጆን ቬን ፕሮስታግላንዲን የተባለውን፣ እብጠትና ሕመም የሚያባብሰውን ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይሠራ እንደምታግድ አሳየ፤ በ1982ም ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

እንግዲህ የሆፍማን እጅ በሥራው አልነበረበትም የሚል የለም። ደብተሩ ይመሰክራል። ነገር ግን ደብተር የሚመሰክረው ማን እንደጻፈ ነው እንጂ ማን እንዳሰበና ማን እንዳዘዘ አይደለም። የታሪክ ተማሪ «ማን ሠራው?» ብሎ ሲጠይቅ «ይህ ሲጻፍ መናገር የተከለከለው ማን ነበር?» ብሎም ይጠይቅ።