ኮንግ፦ ከስደት የተነሣው የኮንፊሺየስ ቤት ስም

ቻይናዊ ስሙን ሲናገር የቤተሰቡን መጠሪያ ያስቀድማል፤ የግል ስሙ ከዚያ ይከተላል። የትውልድ ሐረጋቸው ለዘመናት በጽሑፍ ተይዞ ከቆየላቸው መጠሪያዎች ኮንግን የሚስተካከሉት ጥቂት ናቸው።

መነሻው ግድያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ710 ሶንግ በተባለችው ግዛት የጦር አዛዥ የነበረው ኮንግ ፉጂያ በባላንጣው በሁዋ ዱ እጅ ተገደለ። ዘሮቹ የስሙን መጀመሪያ መጠሪያቸው አድርገው ወደ ሉ ግዛት ተሰደዱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551፣ የዛሬዋ የሻንዶንግ ከተማ ቹፉ ባለችበት አካባቢ፣ ከእነዚህ ስደተኞች ወገን ኮንፊሺየስ ተወለደ።

ፈላስፋው በሕይወቱ የተመኘውን ሥልጣን አላገኘም፤ ክብሩ የደረሰው ለዘሮቹ ነው። ነገሥታቱ አገር የሚያስተዳድሩት በእሱ ትምህርት ተፈትነው ባለፉ ሹማምንት ስለነበር ቤቱን ማክበር ዙፋናቸውን ማጽናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1055 የሶንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ሬንዞንግ ለቤቱ ዋና ወራሽ የሚተላለፍ የመስፍንነት ማዕረግ ሰጠ፤ ማዕረጉም እስከ 1935 ዘለቀ።

ይህን ውርስ ያቆዩት ግን ኮንግ ተብለው ያልተወለዱ ሴቶች ጭምር ናቸው። የቤተሰቡ ትውፊት እንደሚለው፣ በ913 ከአገልጋይ ወገን ተወልዶ ስሙን የወሰደ ኮንግ ሞ የተባለ ሰው ወራሹን ገደለ። የወራሹን ሕፃን ልጅ ሬንዩንም ሊጨርስ ሲመጣ፣ ዣንግ የምትባል ሞግዚት የራሷን ልጅ የሬንዩን ልብስ አልብሳ አቀረበችለት። የእሷ ልጅ ታረደ፤ ሬንዩ እንደ ልጇ ሆኖ አደገ። እውነቱ ሲወጣ ርስቱ ተመለሰለት፤ ዘሮቹም ቤቱን ዳግም ያቆመ አባት ይሉታል።

ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ታሪኩ በሌላ መልክ መጣ። በ1919 መስፍኑ ኮንግ ሊንግዪ ሲሞት ቁባቱ ዋንግ ነፍሰ ጡር ነበረች። በ1920 መውለጃዋ ሲደርስ ሕፃኑ እንዳይለወጥ ግቢው በወታደር ተከበበ። ወንዱ ልጅ ኮንግ ዴቼንግ ከኮንፊሺየስ 77ኛው ትውልድ ሆነ። ዋንግ ግን አራስ ቤት ሳለች አረፈች።

የትውልዱ ቁጥር ከስሙ ላይ ይነበባል። ከሚንግ ሥርወ መንግሥት ወዲህ ለየትውልዱ የተመደበ ቃል አለ፤ ሊንግ 76ኛው፣ ዴ 77ኛው፣ ዌይ 78ኛው ነው። ተዋውቀው የማያውቁ ሁለት ኮንጎች ስማቸውን እንደተለዋወጡ ማን በአባት፣ ማን በልጅ ደረጃ እንደሚቆም ይለያሉ።

ይህን ሥርዓት አብዮትም አልበጠሰውም። በ1966 ቀይ ዘብ የተባሉ አብዮተኛ ወጣቶች ቹፉ ገብተው ከመቶ ሺህ በላይ የቤተሰቡ ሰዎች ባረፉበት ጫካ መቃብር ቆፈሩ፤ የሊንግዪንም አስከሬን አወጡ። ቦታው ግን በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

በ2009 የታተመው አዲሱ የትውልድ መዝገብ 80 ቅጽ ሲሆን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ስሞች ይዟል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የኮንግ ሴቶች ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝገቡ መግባታቸው ነው። ዣንግ ልጇን፣ ዋንግ ሕይወቷን ለከፈሉለት ስም ይህ ዘግይቶ የተመለሰ ዕዳ ነው፤ የቤቱ ታሪክም ሙሉ መሆን የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው።