ከገበያ የገባ ቃል፤ ስለ ጃፓን ሥዕል ወዳጆች አነጋገር

በመርካቶ ውስጥ ዱባይ ተራ የሚባለው የንግድ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዱባይ ከሚመጣው ሸቀጥ ነው። ይሁን እንጂ ሸቀጡን ሁሉ የዱባይ ሰው ሠራው ማለት አይደለም፤ ብዙው በሩቅ ምሥራቅ ተሠርቶ በዱባይ በኩል ያለፈ ነውና፣ ገበያው ዕቃውን የጠራው በተወለደበት አገር ሳይሆን ባለፈበት በር ነው። መርካቶ የሚለውም ስም ታሪክ አለው። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ኢጣሊያኖች ያገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት በራሳቸው ቋንቋ ገበያ ማለት የሆነውን ቃል ሰጡት፤ ሕዝቡም ጠላትን አባርሮ ቃሉን አስቀረ።

ይህን ማንሣታችን ዛሬ በወጣቶች አፍ ስለሚሰሙ ጥቂት የጃፓን ቃላት ለመናገር ነው። ማንጋ፣ አኒሜ፣ ኦታኩ፣ ሰንፓይ፣ ናካማ፣ ካዋይ የሚሉትን ቃላት ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ሲለዋወጡ የሰማ ታላቅ ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ቧልት ይቈጥራቸዋል። ካይዘን የሚለውን ቃል ግን ማን ቧልት አለው? እርሱም የጃፓን ቃል ነው። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በስሙ ተቋቋመ፤ ሥልጠናም ተሰጠበት፤ ሹሙም ሠራተኛውም ለመደው። ልዩነቱ አንዱ በማኅተም፣ ሌላው በገበያ መግባቱ ነው።

ከጃፓን ጋር ያለን ትውውቅ የዛሬ አይደለም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጡት ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ታይቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ያን አገር ጐብኝተው፣ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዘመን የጃፓን የጥጥ ጨርቅ በርካሽነቱ የአሜሪካኑን አቡጀዲ ከገበያችን እያስለቀቀ ነበር። የአሁኑ ሸቀጥ ከጨርቅ የሚለየው ራሱ ተረት በመሆኑ ነው፤ ተረትም ያለ ቃል አይጓዝም።

ማንጋ ማለት እንደ ልብ የተሣለ ሥዕል ማለት ነው። ስመ ጥሩው ሠዓሊ ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1814 ማውጣት ለጀመረው የሥዕል መድበል ይህን ስም ሰጥቶታል፤ ኋላ ግን ቃሉ በሥዕል የሚነገር ታሪክ መጠሪያ ሆነ። አኒሜ የነጋዴ ጠባይ አለው። ጃፓኖች አኒሜሽን የሚለውን የእንግሊዝ ቃል ወስደው ጫፉን ቈረጡና የማንኛውም አገር ተንቀሳቃሽ ሥዕል መጠሪያ አደረጉት፤ ተመልሶ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን የጃፓኑን ብቻ የሚያመለክት ሆነ። ጥሬ ጥጥ ሆኖ ሄዶ ጨርቅ ሆኖ መመለስ ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ኦታኩ ነው። በጥሬ ትርጕሙ «ቤትዎ» ማለት ሲሆን፣ ጃፓኖች ሰውን በአክብሮት ሲያነጋግሩ በ«እርስዎ» ፈንታ ይሉታል። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የእኛው «እርስዎ» ርእስ ከሚለው የግዕዝ ቃል የወጣ ነውና፣ እኛ በራሱ የምናከብረውን ሰው እነርሱ በቤቱ አከበሩት። ሥዕል ወዳዶቹ ጃፓናውያን ወጣቶች እርስ በርሳቸው በዚህ ቃል ይጠራሩ ነበርና፣ ናካሞሪ አኪዮ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1983 በአንድ መጽሔት ላይ ቃሉን መዘባበቻ አድርጎ ለጠፈባቸው። በዚህም የአክብሮት ቃል የንቀት ቃል ሆነ። ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ደግሞ ንቀቱን በመንገድ ጣለና ወጣቱ ደረቱን ነፍቶ «እኔ ኦታኩ ነኝ» የሚልበት የኩራት ስም ሆነ። አንድ ቃል በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሦስት ልብስ ሲለውጥ ማየት ለቋንቋ ተማሪ ትልቅ ዕድል ነው።

እነዚህ ቃላት ሳይተረጐሙ የቀሩበት ምክንያት አላቸው። በአሜሪካ የነበሩ ወዳጆች ፊልሞቹን በቪዲዮ ካሴት እያባዙ ያለ ክፍያ ሲተረጕሙ፣ አቻ ያጡለትን ወይም የወደዱትን ቃል እንዳለ ይተዉት ነበር። ናካማ በጃፓን የተለመደ ቃል ነው፤ የሥራ ጓደኛም፣ የጨዋታ ጓደኛም ይባልበታል። ዋን ፒስ የተባለው የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣ በኋላ ግን ተርጓሚዎቹ እንዳለ ስለ ተዉት በውጭ ወዳጆች ዘንድ እስከ ሞት የማይለይ ወንድም ማለት ሆነ። ለዚህስ ባልንጀራ የሚለው፣ ባለ እንጀራ ከማለት የመጣው ቃላችን ይበቃ ነበር፤ እንጀራ አብሮ የቈረሰ ሰው ከዚህ የሚያንስ ማሰሪያ የለውም። ሰንፓይ ደግሞ በትምህርት ወይም በሥራ የቀደመ ሰው ነው፤ በመሥሪያ ቤት ነባር የምንለው መሆኑ ነው። ወዳጆቹ ግን ዞር ብሎ እንዲያያቸው የሚናፍቁትን ሰው እየቀለዱ ይጠሩበታል።

ወደ እኛ አገር የመጡበት መንገድ ብዙ ነው፤ ከመንገዶቹም አንዱ እንደ ዕቃው ሁሉ በዱባይ ያልፋል። ኤም ቢ ሲ የተባለው የዐረብ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2002 መቀመጫውን ከለንደን ወደ ዱባይ አዛውሮ፣ በ2004 የልጆች ጣቢያ ከፈተ። በየጣራው ዲሽ ሲተከል የኢትዮጵያ ልጅ የጃፓንን ሥዕል በዐረብኛ ድምፅ ይመለከት ጀመር፤ በኋላ መረቡ ሲስፋፋ ያንኑ በጃፓንኛ ድምፅና በእንግሊዝኛ ጽሑፍ አገኘው። ስለዚህ ልጁ የሚናገረው የጃፓን ቃል፣ በእጁ እንዳለው የዱባይ ዕቃ፣ የሌላ በር ዐሻራ አለበት።

የቀረው የአጻጻፍ ነገር ነው። ፊደላችን ለዚህ ቋንቋ ከላቲኑ ይልቅ ይመቻል፤ ካና የተባለው የጃፓኖች ፊደል እንደ እኛው ድምፁን ከነአናባቢው በአንድ ምልክት ስለሚይዝ፣ ናካማ በእነርሱም በእኛም ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ችግሩ በእነርሱ አንድ ምልክት የሆነው፣ በ«ት» ጀምሮ በ«ሱ» የሚያልቀው ድምፅ ነው። ጹ ብንለው ይከብዳል፤ ትሱ ብንለው ሁለት ፊደል ይሆናል፤ በ1997 ዓ.ም. ስለ ደረሰው የባሕር ማዕበል ሲጻፍ ግን ሱናሚ ተብሎ ተለመደ። ታካሃሺ ዮኢቺ እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመረው የእግር ኳስ ታሪክ ባለቤት በዐረብኛው ካፒቴን ማጅድ ነበረ። በዚያ ስም ያወቀው ልጅ አድጎ የተጫዋቹን እውነተኛ ስም በአማርኛ ሊጽፍ ሲነሣ፣ አንዱ ጹባሳ፣ አንዱ ትሱባሳ፣ አንዱም ሱባሳ ይለዋል።