ስምና ቁጥር፤ የመለያ ቁጥር አጭር ታሪክ

መምህር በክፍል ውስጥ ስም ሲጠሩ ሁለት ተማሪዎች ባንድነት «አቤት» ማለታቸው በአገራችን የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ የአያት ስም ይጨመራል። ተማሪዎቹ አምሳ ቢሆኑ ይህ መፍትሔ ይበቃል፤ ሰዎቹ አምሳ ሚሊዮን ሲሆኑ ግን አይበቃም። ስለዚህ መንግሥታትና ትልልቅ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ሰው ከማንም ጋር የማይጋራውን ቁጥር መስጠት ጀመሩ። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ መንግሥት በ1935 ዓ.ም. የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ካወጣ በኋላ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ደመወዝ መመዝገብ አስፈለገው። በ1936 ዓ.ም. ዘጠኝ አኀዝ ያለውን ቁጥር ማደል ጀመረ። የአንዱ ደመወዝ በሞክሼው መዝገብ ቢገባ፥ በእርጅናው ዘመን ጡረታው የሚጎድልበት ባለቤቱ ነውና።

ነገር ግን ቁጥር መስጠት የሥራው እኩሌታ ነው፤ ሌላው እኩሌታ በቁጥሩ መዝገቡን ፈልጎ ማግኘት ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በኮምፒዩተር ከተከማቹት መዝገቦች ብዙዎቹ ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ እንደሚሄድ ዛፍ የተያያዙ ነበሩ። ፈላጊው መንገዱን ደረጃ በደረጃ ማወቅ ነበረበት። የመዝገቡ አቀማመጥ ሲለወጥም በዚያ መንገድ እንዲሄድ የተጻፈው ፕሮግራም እንደገና መታረም ያሻው ነበር።

ይህን ችግር ያቃለለው ኤድጋር ኮድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በ2ኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን አብራሪ የነበረው ይህ የሒሳብ ሊቅ በአሜሪካ አገር በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ይሠራ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ መዝገብ ሁሉ በቀላል ሠንጠረዥ እንዲቀመጥ አሳብ አቀረበ። በአንዱ ሠንጠረዥ መለያ ቁጥርና ስም፥ በሌላው ያው መለያ ቁጥርና ደመወዝ ይጻፋል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቁጥሩ ነው። ፈላጊውም የሚፈልገውን ይናገራል እንጂ መንገዱን አያመለክትም። በ1974 ዓ.ም. ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይሞንድ ቦይስ ለዚሁ የሚሆን የመጠየቂያ ቋንቋ አቀረቡ፤ ዛሬ ኤስ.ኪው.ኤል. የሚባለው ነው። ኮድም በ1981 ዓ.ም. የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ።

መልሱ በፍጥነት የሚገኘው ደግሞ በማውጫ ነው። ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክራይት በ1972 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ቁጥሮችን በተርታ የሚይዝ ማውጫ ገለጡ። እያንዳንዱ የማውጫ ገጽ ወደ መቶ ሌሎች ገጾች የሚመራ ቢሆን፥ ከአንድ ሚሊዮን ሰው መካከል ተፈላጊው በሦስት እርምጃ ይገኛል።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን በ2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጥቷል፤ የፋይዳ መለያ ቁጥርም 12 አኀዝ አለው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባናል። ኮምፒዩተር የተሰጠውን ቁጥር ፈጥኖ ያገኛል፤ ቁጥሩ በፊቱ የቆመው ሰው መሆኑን ግን በራሱ አያውቅም። አንድ አኀዝ ተሳስቶ ቢጻፍ የሌላ ሰው መዝገብ ሊከፈት፥ የአንዱም ጡረታ ለሌላው ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ ከእኛ መካከል ነገ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚይዝ ሁሉ፥ ቁጥሩን ካገኘ በኋላ «ስምዎ ማን ይባላል?» ብሎ መጠየቅን አይተው።