ደብዳቤ ሳይጭን የተመታ ቴምብር

ለኢዮቤልዩው መጽሔት የቆየ ነገር ጻፍ ስባል ትዝ ያለኝ የቴምብር ነገር ነው። ካርቱም ሱቅ ሳለኝ የሰፈራችን የሐበሻ ልጆች ከአገር ቤት ከመጣ ደብዳቤ ላይ ቴምብር እየቆረጡ ይለዋወጡ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ከገበያ የገዛውን የአጅማን ቴምብር ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ጀርባው ግን ሙጫው እንዳለ ነው። እንዴት ተላከ?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ ልክ ነበር። ቴምብሩ የትም አልተላከም።

በተለመደው አሠራር ቴምብር ፖስታው ላይ ይለጠፍና ዳግመኛ እንዳይሠራበት ማኅተም ይመታበታል። አስቀድሞ የሚመታም አለ። በአሜሪካ ከ1880ዎቹ፣ በፈረንሳይ ከ1893 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጋዜጣና የንግድ ወረቀት በብዛት ለሚልኩ ድርጅቶች ቴምብሩ ተመትቶ ይሸጥላቸው ነበር፤ የፖስታ ሠራተኛው አንድ በአንድ ከመምታት ይድናል። ይህ የሥራ ነገር ነው። ሌላው ግን ለሰብሳቢ ገበያ የሚደረግ ነው። በ1960ዎቹ አጅማንና ፉጀይራን የመሳሰሉ የባሕረ ሰላጤ ግዛቶች ካሳተሙት ውስጥ ብዙው በሉሁ እንዳለ ተመትቶ ለነጋዴ ይሸጥ ነበር። እኔም ነጋዴ ነኝና አልፈርድም፤ ያልሰጡትን አገልግሎት መሸጥ ጥሩ ትርፍ አለው።

የእኛም ቴምብር ከሰብሳቢ ገበያ አላመለጠም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ ሦስቱ የአንበሳ ምስል አለባቸው። ቅርጹን ያወጣው ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን የታተሙትም ፓሪስ ነው። ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች ተሽጦ ደብዳቤ ሳይነካ አልበም የገባው ብዙ ነው። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ የአገራችን ቴምብር ብቻውን ድንበር አያሻግርም ነበር። ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ደብዳቤ በፈረንሳይ እጅ የነበረችው የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበታል። ሁለቱም ቴምብሮች ያሉበት ፖስታ ዛሬ የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ የሄደበት መንገድ ላዩ ላይ ይነበባል።

ያን ልጅ ይህን ካስረዳሁት በኋላ ባዶ እጁን አይሂድ ብዬ፣ የእናቴን ዕረፍት ካረዳኝ የጎንደር ደብዳቤ ላይ ቴምብሩን ቆርጬ ሰጠሁት። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ከሱቅ ይዤ ከወጣኋቸው ጥቂት ወረቀቶች አንዱ ያ ፖስታ ነው። ጀርባው ላይ የካርቱም ማኅተም ደኅና አድርጎ ይነበባል። ፊቱ ላይ ግን ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። የጎንደሩ ማኅተም ግማሹ ከቴምብሩ ጋር ሄዷል፤ ቀኑ የነበረውም በዚያው ግማሽ ላይ ነው።