የራሱን ድምፅ የማይሰማ ሬዲዮ

በአገራችን የሬዲዮ ታሪክ ሲነሣ መነሻው አቃቂ ነው። ጣቢያው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የፋሺስት ጦር መረብን ለመሻገር የቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር። የተከለው የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ ኢትዮጵያ ግን አቤቱታዋን ለዓለም ያሰማችው በዚያው ጣቢያ ነው። ድምፅ ሩቅ መድረሱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያኔ ታየ።

ከትልልቆቹ ጣቢያዎች ጎን ብዙ ያልተጻፈለት ሌላ ታሪክ አለ፤ የአማተር ሬዲዮ ታሪክ። አማተር ማለት ለትርፍ ሳይሆን ለመማርና ለመገናኘት ፈቃድ አውጥቶ አየር ላይ የሚወጣ ሰው ነው። በአገራችን በዓለም አማተሮች ዘንድ የታወቀው የክበብ ጣቢያ መጥሪያው ኢቲ3ኤኤ ሲሆን የሚገኘውም አምስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው። የዚህ ታሪክ ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ነው ማለት ነው። እኛንም የሚመለከተን ለዚህ ነው።

አማተሮች ሁሌ የተሠራ መሣሪያ አይገዙም። ሂዝኪት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. እስከ 1992 ድረስ ዕቃውንና መመሪያውን በካርቶን እያሸገ ይሸጥ ነበር፤ ገጣጥሞ መበየድ የገዢው ፋንታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሕንዳዊው አሽሃር ፋርሃን ቢትክስ የተባለውን ንድፍ ይፋ አደረገ። ቁም ነገሩ ተራ ገበያ ላይ በሚገኝ ዕቃ መሠራቱ ነበር፤ የሽቦ ጥቅሉ ሳይቀር በቧንቧ ዋሸር ላይ ይጠመጠማል፤ የኃይል ማጉያው ትራንዚስተርም ለሬዲዮ ታስቦ የተሠራ አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሬዲዮ የገጣጠመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ነገር አለ። ሲያዳምጥበት ጥሩ ነው፤ ሲናገርበት ግን ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «ምን አልክ? ድገመው እስቲ!» ይለዋል። ሬዲዮው ሲያስተላልፍ ተቀባዩ ስለሚዘጋ ተናጋሪው የገዛ ድምፁን አይሰማም። የሌላ ሰው ጆሮ የግድ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ብየዳውን መፍታት አይደለም። አንቴናውን ነቅሎ በቦታው ኃይሉን የሚችል የ50 ኦም ሬዚስተር ያስራል፤ ጓደኛውን ከሌላ ተቀባይ ጋር ማዶ ክፍል ያስቀምጥና የሰማውን ሳያለባብስ እንዲነግረው ይጠይቀዋል። ጓደኛው የሚናገረው ቃል መንገድ ያሳያል። «ቀጥኗል፣ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል» ካለ፣ የተሸካሚው ሞገድ ኦሲሌተር ከክሪስታል ፊልተሩ ርቆ ወፍራሙን ድምፅ እያስቆረጠ ይሆናል። «ፉጨት አብሮት አለ» ካለ፣ ተሸካሚው ሞገድ በደንብ ሳይታፈን እያመለጠ ነው። «ጮክ ስትል ይሰነጣጠቃል» ካለ፣ የማይክሮፎኑ ማጉያ በዝቷል፤ ወይም የመጨረሻው ትራንዚስተር የዕረፍት ከረንቱ አንሷል። «እምምም ይላል» ካለ ደግሞ የኃይል ምንጩና የመሬት መስመሩ ይፈተሻሉ። በሬዚስተሩ ደህና ሆኖ አንቴናው ሲታሰር ብቻ የሚበላሽ ከሆነ፣ የራሱ ሞገድ በማይክሮፎኑ ገመድ ተመልሶ እየገባ ነው፤ በገመዱ ላይ የፌራይት ቀለበት፣ በመሰኪያው ላይ ትንሽ ካፓሲተር ይረዳል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ከዚያ እንደገና መጠየቅ።

ይህን ሁሉ እዚህ አማን ላይ መጻፍ ለምን አስፈለገ? ከአዲስ አበባ በመንገድ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን፣ በተራራና በጫካ መካከል ነው ያለነው። በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ አንድ ትንሽ ሬዲዮ፣ አንቴናው ዝቅ ብሎ ከተወጠረ፣ ሞገዱን ወደ ላይ ልኮ ከሰማይ እያስመለሰ ቀን ላይ እነዚህን ተራሮች ሊያልፍ ይችላል። የስልክ ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ የሚበልጠው ግን ትምህርቱ ነው። ተማሪዎቻችን የማጉያን ቀመር ሰሌዳ ላይ ያሰላሉ፤ ጎደሎውን ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶ፣ ሳይቆጣ፣ ደረጃ በደረጃ ምክንያቱን ማግኘት ግን ሰሌዳ ላይ አይገኝም። ይህ ደግሞ ለመሐንዲስ ብቻ የሚበጅ አይደለም፤ ለሐኪምም፣ ለቡና ባለሙያም፣ ለመምህርም ያው ነው።

የመገናኛ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቁሟል፤ ስለዚህ ፈቃድ ሲጠየቅ የሚንኳኳው በር የታወቀ ነው። የማኅበራችን አባላት በየሙያችሁ ተበትናችኋል፤ ከመካከላችሁ ኦሲሎስኮፕ፣ የብየዳ ብረት ወይም የተረፈ ዕቃ ያለው አይጠፋም። አንድ ኪት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ክፍልና እውነቱን የሚናገር አንድ ጓደኛ ለመጀመር ይበቃል። በሚቀጥለው መገናኛችን አጀንዳ ላይ ብናስገባውስ?