የአቅራቢን መረጃ በአንድ መዝገብ፦ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ያልተነገረ ሀብት

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው አባላት ገንዘባቸውንና ምርታቸውን እንዴት እንዳሰባሰቡ ነው። ይሁን እንጂ ቀደምት ማኅበራት ካሰባሰቧቸው ሀብቶች መካከል እምብዛም የማይወሳ አንድ አለ፤ ይኸውም ስለ አቅራቢዎች ያላቸው መረጃ ነው። ማን ምን ይሸጣል? በስንት ዋጋ? ዕቃው እንደተባለው ነው ወይ? በቀጠሮው ቀን ይደርሳል ወይ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በየግለሰቡ ዘንድ ተበታትኖ ሲቀር ሻጩ ይጠቀማል፤ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ግን አባላቱ ይጠቀማሉ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኬሚካል ማዳበሪያ በአውሮፓ ገበያ ሲስፋፋ ማጭበርበሩም አብሮ ተስፋፋ። በማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በዓይን አይቶ መለየት ስለማይቻል፣ ከአሸዋና ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ማዳበሪያ ለገበያ ይቀርብ ነበር። አርሶ አደሩ መታለሉን የሚረዳው ሰብሉን አይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡም ወቅቱም አልፏል።

እ.ኤ.አ. በ1883 በፈረንሳይ ብሉዋ ከተማ ታንቪሬ የተባሉ የአካባቢው የግብርና መምህር ለዚህ ችግር መፍትሔ ፈለጉ። ሥራቸው ከዛሬው የግብርና ልማት ሠራተኛ ሥራ ጋር የሚቀራረብ ነበር። የአርሶ አደሮቹን የማዳበሪያ ፍላጎት አሰባስበው በጋራ እንዲገዛ የሚያደርግ ማኅበር አቋቋሙ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ እንዲህ ዓይነት ማኅበራትን ስለፈቀደ በመላው ፈረንሳይ ተስፋፉ። ማኅበራቱ በብዛት በመግዛታቸው ዋጋ ከማስቀነሳቸውም በላይ፣ ሻጩ ለንጥረ ነገሩ መጠን ዋስትና እንዲሰጥና ናሙናው በላቦራቶሪ እንዲመረመር ያደርጉ ነበር። በመሆኑም አንዱ መንደር ተታሎ የተማረውን ሌላው መንደር ሳይታለል ያውቀው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ የማዳበሪያ ሻጭ የሸቀጡን ዓይነት፣ መነሻና የንጥረ ነገር መጠን በጽሑፍ እንዲገልጽ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ።

በእንግሊዝም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1844 በ28 አባላት የተመሠረተው የሮችዴል ማኅበር ፈር ከቀደደ በኋላ በየከተማው በርካታ የሸማቾች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ከጅምላ ነጋዴ ይገዛ ነበር። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1863 በማንችስተር የጋራ የጅምላ ግዢ ማኅበር መሠረቱ። ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1866 በአየርላንድ ቲፐራሪ፣ ቀጥሎም በ1876 በኒውዮርክ፣ በ1881 ደግሞ በኮፐንሃገን የራሱን የግዢ ጽሕፈት ቤቶች ከፈተ። የማኅበሩ ገዢዎች ከምርቱ ምንጭ ቀርበው ጥራትና ዋጋ በማወቃቸው አንዲት ትንሽ የገጠር ማኅበር እንኳ የትልቅ ነጋዴ ያህል ዕውቀት ይዛ ትገዛ ነበር።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ በ1960 ዓ.ም. በአርሲ የተጀመረውና በተለምዶ «ካዱ» የሚባለው የጭላሎ ፕሮጀክት ዘርና ማዳበሪያን በሙከራ ማሳ ፈትሾ ለአርሶ አደሩ ያቀርብ ነበር። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን እንዲደራጁ የሕግ መሠረት ሰጡ። የአፈር ማዳበሪያ ፍላጎትም ከቀበሌ ጀምሮ እየተደመረ በማዕከል ሲገዛ ቆይቷል። ነገር ግን ጆንያ፣ የርጭት መሣሪያ፣ የመለዋወጫ ዕቃ፣ የሸቀጣ ሸቀጥና የጭነት አገልግሎት ግዢ በማኅበራትና በዩኒየኖች እጅ ነው። የታሪኩ ትምህርት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ መሠረታዊ ማኅበር ከአንድ ነጋዴ የገዛው የርጭት መሣሪያ በሳምንቱ ቢበላሽና ይህ መረጃ በማኅበሩ ፋይል ብቻ ቢቀር፣ ጎረቤት ማኅበር በወሩ ያንኑ ዕቃ ሊገዛ ይችላል። የግዢ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅም የአቅራቢዎቹ ስም፣ ዋጋና ጠባይ አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ዩኒየኑ ዘንድ የአቅራቢው አድራሻና ፈቃድ፣ ያለፉት ዋጋዎች፣ የርክክብ ቀንና የጥራት ውጤት የሚመዘገቡበት አንድ መዝገብ ሊኖር ይገባል። ለዚህም ጥሩ ደብተርና ኃላፊነት የተሰጠው ሠራተኛ ለጅምር ይበቃሉ።

ሆኖም መረጃን በአንድ ቦታ መሰብሰብ ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ማለት አይደለም። የቁጥጥር ኮሚቴው የማይመረምረው፣ አባላት በጠቅላላ ጉባኤ የማይጠይቁት መዝገብ ለአድልዎ በር ይከፍታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ መረጃውም ጌጥ የሚሆነው ለሁሉም ሲዳረስ ነው። የምሥረታ በዓል ሲከበር የተሠሩ መጋዘኖችና የተገዙ ተሽከርካሪዎች ይቆጠራሉ። ከእነርሱ ጎን በሚገባ የተያዘ የአቅራቢዎች መዝገብም ቢቆጠር የአባላቱ ሀብት ምሉዕ ይሆናል።